ከቲነር በርሜል እስከ ካሳ ክፍያ፦ ለደሴና ኮምቦልቻ ቀለም ቤቶች የሠራተኛ መድንና የሥራ ደኅንነት መመሪያ

ቀለም ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ሕጉ ግን ለዚህ ጥያቄ ብዙ ቦታ አይሰጠውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። አሠሪው ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም አካሉንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራል።

«አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠ» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበሉ። «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ» የሚል አሠሪ ማስረጃ የለውም። መመሪያው በአማርኛ ተጽፎ፣ ለሠራተኛው ተነቦ፣ ቀን ተጽፎበትና ተፈርሞበት ፋይል ውስጥ ከገባ ግን ማስረጃ አለው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚች ነገር ላይ ይቆማል፤ መድኑም ሆነ ሕጉ የሚያዩት አደጋው ከመድረሱ በፊት የተጻፈውን ወረቀት ነው።

የሥራ ላይ አደጋ የሚባለውም ከሱቁ ግድግዳ ውስጥ የደረሰው ብቻ አይደለም። ዕቃ ለማምጣት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተላከ ልጅ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢጎዳ በሥራ ላይ ነው። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ለሥራው ብሎ መጥቶ በረንዳ ሲጠርግ የወደቀውም እንደዚሁ። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ከሌላው እኩል መብት አለው። የጽሑፍ ውል ባይኖርም የሥራ ውል የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በቃል የቀጠሩትን ሰው የሥራ ሁኔታ በ15 ቀን ውስጥ ጽፈውና ፈርመው መስጠት ግዴታዎ ነው።

ሒሳቡ ምን ያህል ነው?

በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሻጭ እጁ ተሰብሮ ሥራ አቆመ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ 18,000 ብር። ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ማለትም 13,500 ብር። ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ፤ ዓመቱን ከሞላ 18,000 ብር። በድምሩ 49,500 ብር ሆነ። ክፍያው የሚቆመው ሐኪም መዳኑን ሲያረጋግጥ፣ የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት (አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ) ማግኘት ሲጀምር፣ ወይም ሥራ ካቆመ 12 ወር ሲሞላው ነው፤ ከሦስቱ የቀደመው ይሠራል። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱም የአሠሪው ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ክፍያው ድርጅቱ በገባው መድን ወይም በጡረታ ሕጉ መሠረት ይፈጸማል። በጡረታ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የ5 ዓመት ደመወዙ ይታሰባል፤ በምሳሌያችን 360,000 ብር። የመሥራት ችሎታው 30 በመቶ ቀነሰ ከተባለ 108,000 ብር። ስለዚህ ሠራተኛውን ከጡረታ መዝገብ ማስቀረት ገንዘብ ማትረፍ የሚመስለው አሠሪ ተሳስቷል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ለ6,000 ብር ደመወዝ 660 ብር ከእርስዎ፣ 420 ብር ከሠራተኛው። ለአንድ ሰው በወር 660 ብር ሸሽቶ 360,000 ብር መሸከም ሒሳብ አይደለም።

መድኑን ሲገዙ

የሚጠይቁት ውል «የሠራተኞች ካሳ መድን» ይባላል። የእሳት መድን ዕቃውን ብቻ፣ የተሽከርካሪ መድን ደግሞ መኪናውን እንጂ መሰላል ላይ የወደቀውን ልጅ አይሸፍንም፤ አንዱን ገዝቶ ሁሉም ያለ የሚመስለው ነጋዴ ብዙ ነው። ከኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ከግሎቹም ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ያስወጡ።

አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ የሚሰላው በዓመታዊ የደመወዝ ድምርና በሥራው ዓይነት ነው። ለምሳሌ ሻጭ 6,000፣ ቀለም ቀላቃይ 7,000፣ የመጋዘን ሠራተኛ 5,000፣ ሹፌር 8,000 ብር ቢከፈላቸው በወር 26,000፣ በዓመት 312,000 ብር ነው። መጣኙ (ድምሩ የሚባዛበት መቶኛ) ለስሌት ያህል 1 በመቶ ቢሆን አረቦኑ 3,120 ብር ይመጣል። የሹፌርና የመጋዘን ሠራተኛ መጣኝ ገንዘብ ተቀባይ ከሚከፈልበት ከፍ ስለሚል ሠራተኞቹን በሥራቸው ለይተው ያስመዝግቡ። ሁሉንም «ሻጭ» ብሎ ማስመዝገብ አረቦኑን ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ቀላቃዩ ሲጎዳ ግን መድን ሰጪው «ይህን ሥራ አላስመዘገብክም» ይላል።

ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም ያው ነው። ለ6,000 ብር ደመወዝተኛ 3,000 ያስመዘገበ ሰው ካሳው በ3,000 ይሰላለታል፤ ልዩነቱ ከኪሱ ይወጣል። በዓመቱ መጨረሻ መድን ሰጪው ትክክለኛውን የደመወዝ ድምር ጠይቆ አረቦኑን ያስተካክላል፤ በዓመቱ መካከል ሰው ቢቀጥሩ ወይም ደመወዝ ቢጨምሩ ግን እስከዚያ አይጠብቁ፣ ወዲያው በደብዳቤ ያሳውቁና ማረጋገጫውን ከውሉ ጋር ያያይዙ።

ማመልከቻው ላይ ቲነርና ቫርኒሽ መሸጥዎን፣ ምን ያህል ሊትር እንደሚያከማቹ፣ መጋዘኑ የት እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ። ደሴ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ካለዎት ሁለቱም አድራሻ ይግባ። ተደብቆ የተገኘ ነገር ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ሰው የሚያጣው ደግሞ ገንዘቡ በሚያስፈልገው ቀን ነው።

ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፦

- ለአንድ ሰው የሕክምና ጣሪያው ስንት ነው? ከጣሪያው በላይ ያለው የእርስዎ ዕዳ ስለሆነ ርካሹ ውል ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል።
- የቀን ሠራተኛ ይካተታል? በስም ነው ወይስ በቁጥር?
- በድርጅቱ መኪና ወይም ባጃጅ ሲጓዙ የሚደርስ ጉዳትስ?
- አደጋ በስንት ቀን ውስጥ መታወቅ አለበት? በስልክ ይበቃል ወይስ በጽሑፍ?
- ባለቤቱና ሱቁ ውስጥ የሚረዳ ቤተሰብ ይሸፈናል? አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ካልተመዘገቡ አይሸፈኑም፤ ለራስዎ የግል አደጋ መድን ይጠይቁ።

ጫኝና አውራጅ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በማኅበር ተደራጅተው ለብዙ ነጋዴ የሚያወርዱ ሰዎች የእርስዎ ሠራተኛ ላይሆኑ ይችላሉ። በየሳምንቱ እየመጣ በእርስዎ ትእዛዝ የሚያወርደው፣ ክፍያውንም ከእርስዎ እጅ የሚቀበለው ልጅ ግን «የኔ ሠራተኛ አይደለም» ለማለት ይከብዳል። እንዲህ ያለውን በስም ያስገቡት። ለቀሩት ደግሞ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን የኃላፊነት መድን አለ።

ቲነር

ቀለም ቤት የሚያቃጥለው ቀለሙ አይደለም፣ የቲነሩ ትነት ነው። በቲነር ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ቶሉይን ነው፤ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ በእሳት ብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ትነት ያወጣል። ስለዚህ «ደሴ ብርድ ነው፣ ችግር የለም» የሚለው አባባል ለቲነር አይሠራም። ዛይሊን የሚባለው ከ27 ዲግሪ አካባቢ፣ አኳራጅ የሚባለው የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ደግሞ ከ38 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደሴ ላይ ሲቀመጡና ኮምቦልቻ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በግንቦት ፀሐይ ሲቀመጡ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ሰው ጣሪያውን ኮርኒስ ያሠራ፣ በርሜሎቹንም ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ያርቅ።

ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ የቶሉይን ትነት ከሦስት እጥፍ በላይ። ወደ ላይ አይበንም፣ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ደሴ ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ብዙ ሱቅ ከኋላው ወይም ከሥሩ ዝቅ ያለ ክፍል አለው፤ ያ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ምቹ ይመስላል። ለቲነር ከሁሉም የከፋው ቦታ እሱ ነው። ቲነር የሚቀመጥበት ክፍል ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንድ የአየር ቀዳዳ፣ ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ሌላ ቀዳዳ ይኑረው። ከላይ ብቻ የተከፈተ መስኮት የሚያወጣው ሽታውን እንጂ አደጋውን አይደለም።

ሱቁ ውስጥ ለቀኑ ሽያጭ የሚበቃ ብቻ፣ ቢበዛ 40 ሊትር ያስቀምጡ። የቀረው ለብቻው በሚቆለፍ መጋዘን ይሁን። ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲቀዳ ደግሞ እንዲህ ይደረግ፦

1. ሥራው ደጅ ወይም ሰፊ በር አጠገብ ይሁን፤ ኮምቦልቻ ከሆነ በጠዋቱ።
2. በአካባቢው ያለ ስልክ፣ ቻርጀርና ዲቫይደር ይነሳ።
3. የብረት በርሜሉ በመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ የሚቀዳበትም ዕቃ ብረት ከሆነ ከበርሜሉ ጋር በሽቦ ይገናኝ። ፈሳሹ ሲወርድ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙላት ብልጭታ የሚያወጣው ሁለቱ ሳይያያዙ ሲቀሩ ነው።
4. የፕላስቲክ ጀሪካን መሬት ላይ ይቀመጥ፣ በእጅ ተንጠልጥሎ አይያዝ። በቀስታ ይቀዳ።
5. በእጅ ፓምፕ ይቀዳ። በላስቲክ ቱቦ በአፍ መሳብ ፈጽሞ ክልክል ይሁን፤ ወደ ሳንባ የገባች ጥቂት ቲነር እንኳ ከባድ የሳንባ ጉዳት ታመጣለች።
6. ዕቃው ጢም እስኪል አይሞላ፤ ከ20 ሊትር ጀሪካን ላይ 1 ሊትር ያህል ባዶ ይቅር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨመራል፣ የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ጀሪካኑ ይነፋል። ደሴ የደረሰ ጀሪካን ክዳኑ በቀስታ ይከፈት፣ ፊትም ይራቅ።

ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ አይሸጥ። ይህን ከማንኛውም ነገር በላይ አጥብቀን እንለምናለን። ውሃ መስሎት የሚጠጣው የደንበኛው ልጅ ወይም ተጠምቶ ከመደርደሪያ ያነሳው የራስዎ ሠራተኛ ነው። አንድ ሊትር የሚሸጥ ከሆነ በክዳን በሚታሸግ ጣሳ፣ «ቲነር» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበት ይሽጥ። የጠጣ ሰው ቢገጥም አያስመልሱት፤ ወተትም አይስጡት፤ የቲነሩን ስም ይዘው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ወሎ ላይ ቡና አይፈላ ማለት አይቻልም፣ መባልም የለበትም። ግን ከሰሉ፣ ረከቦቱና ዕጣኑ ከቀለም ሱቅ ውስጥ ይውጡ፤ ጎረቤት ቤት ወይም ቲነር ከሚቀዳበት ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይፈላ። መብራት ሲጠፋም ሻማ አይበራ፣ ባትሪ ይዘጋጅ። ጄኔሬተር ካለ ደጅ ይቁም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለበት በር ሥር ወይም መስኮት ሥር አይሁን።

የፈሰሰ ቲነር በደረቅ አሸዋ ይሸፈን፣ ተጠርጎ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይግባ። ወደ ቦይ የተጠረገው ትነቱን ይዞ በቦዩ ይሄዳል፣ መጨረሻውም ቦርከና ነው። በዘይት ቀለም ወይም በቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ሰው ሳይነካው ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ ወይም ውሃ በተሞላ የብረት ባልዲ ይግባ።

ባዶ በርሜል ደግሞ ከሙሉው የባሰ ነው። ፈሳሹ ቢያልቅም ትነቱ ውስጡ አለ። ለውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ለምድጃ ሊያስቆርጠው ብየዳ ቤት የወሰደ ሰው እንደ ቦምብ ሊፈነዳበት ይችላል። ባዶ በርሜል ሲሸጡ ይህን ለገዢው ይንገሩት፣ በርሜሉም ላይ ይጻፉበት።

ለማጥፊያ 6 ኪሎ የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ፣ አንዱ በር አጠገብ፣ አንዱ ከመጋዘኑ ውጭ ይሰቀል። ቲነሩ ካለበት ክፍል ውስጥ የተሰቀለ ማጥፊያ እሳቱ ሲነሳ አይደረስበትም። በየወሩ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይና ቀኑ ይጻፍ። ሠራተኛው ፒኑን መንቀል፣ ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ መጫን፣ ግራ ቀኝ መጥረግ እንዳለበት ይወቅ፤ ያለው ጊዜም 15 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ካልጠፋ ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ። የቲነር እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ያሰፋዋል።

ኖራ፣ ቆዳና ትንፋሽ

ኖራ ዓይን ያሳውራል። ዱቄቱ ዓይን ከገባ ፊት ላይ ያለው ደረቅ ብናኝ ይራገፍና ዓይኑ ተከፍቶ ሳያቋርጥ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ሐኪም ቤት የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ሲባል ቧንቧ ቢኖርም በክዳን የተዘጋ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሱቁ ውስጥ አይጥፋ፤ ውሃ የሚቋረጥበት ቀን ይመጣል። ለዓይን ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለደሴ ቅርብ ነው።

የጨርቅ ወይም የወረቀት ማስክ ለስቱኮና ለኖራ ብናኝ ይረዳል፤ የቲነር ትነት ግን ሳይከለክለው ያልፋል። ለትነት የነቃ ከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ሽታው በማስኩ ውስጥ መሰማት ከጀመረ ማጣሪያው አብቅቷል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ «ሞቅ» የማለት ስሜት የመመረዝ ምልክት ነው፤ ሠራተኛው ይውጣና አየር ይውሰድ፣ «ለመድኩት» ቢልም አይመኑት። እጅን በቲነር መታጠብ የቆዳውን ቅባት አጥቦ ለቁስል ይዳርጋል፤ የምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ ቀለሙን ያስለቅቃል።

በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) መብለጥ የለበትም። ስያሜውና የአምራቹ አድራሻ የሌለበት ጣሳ አይግዙ። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነን ልጅም ቲነር ላይ አያሠማሩ፤ ሕጉ ወጣት ሠራተኛን ከአደገኛ ሥራ ይከለክላል።

ሸክምና መሰላል

20 ሊትር የፕላስቲክ ቀለም ባልዲ ከ26 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ወገብ የሚሰበረው አንዱን ሲያነሱ ሳይሆን ሃያውን ከመኪና ሲያወርዱ ነው፤ ለሁለት ይያዝ ወይም በጋሪ ይገፋ። ባልዲ ከሦስት በላይ አይደራረብ፣ ከባዱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች ይቀመጥ። መሰላል በ4 ሜትር ቁመት 1 ሜትር ከግድግዳው ይራቅ፤ በሚስማር የተጠገነ የባሕር ዛፍ መሰላል ይወገድ። የቀለም ማደባለቂያ ማሽን ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ጣሳው አይነካ።

አደጋው የደረሰ ቀን

የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠትና ወደ ቅርብ ሕክምና ማድረስ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ቀን የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። ቦታውን ሳያስተካክሉ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሰዓቱን፣ ሠራተኛው ምን እየሠራ እንደነበር፣ ማን እንዳየ በመዝገብ ይጻፉ፤ የዓይን ምስክሮቹ ይፈርሙ። የሥራ ላይ ጉዳትን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማሳወቅ በሕግ የተጣለ ግዴታ ስለሆነ ለከተማው ቢሮ በደብዳቤ ያሳውቁ፣ ግልባጩ ላይ ማኅተም ያስመቱ። ለመድን ሰጪውም በዚያው ዕለት በስልክ፣ በማግሥቱ በጽሑፍ።

ካሳ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በሐኪም ወረቀት ነው። ወረቀቱ «እግሩ ተሰብሯል» ብቻ ካለ አይበቃም፤ ለስንት ቀን ከሥራ እንደሚያርፍ፣ ሲድንም ዘላቂ ጉዳት ቀርቶ እንደሆነና በመቶኛ ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። የደረሰኞቹን ዋናውን ከማስረከብዎ በፊት ኮፒ ያስቀሩ። የሚሰበሰቡት ሰነዶች የደመወዝ ሰነድ፣ የሥራ ውል፣ የጡረታ መክፈያ፣ የአደጋ መዝገቡ ገጽ፣ የተፈረመው የደኅንነት መመሪያ፣ የሕክምና ወረቀትና ደረሰኝ ናቸው።

መድን ሰጪው ፋይሉን እስኪያይ ድረስ የሠራተኛውን ደመወዝ አያቁሙ። ሕጉ ክፍያውን የጣለው በእርስዎ ላይ ነው፤ መድን ሰጪው በኋላ የሚተካው ለእርስዎ ነው። በየወሩ ሲከፍሉ ያስፈርሙት፤ ያ ፊርማም ከካሳ ጥያቄው ጋር ይያያዛል።